የፀረ-ፈንገስ መድኃኒት ደም ውስጥ ስንት ደረሰ? ናሙና ከመቅዳታችሁ በፊት አንብቡት

ደሴ ሁኑ ወልዲያ፣ ኮምቦልቻ ሁኑ ላሊበላ፣ ይሄ ጽሑፍ ከባድ የፈንገስ ሕመም ያለበትን ሰው ለምታክሙ ሁሉ ነው። ለሐኪሙ፣ ለነርሷ፣ ለፋርማሲስቱ፣ ለላቦራቶሪ ልጆች። አስታማሚም ቢያነበው ደስ ይለኛል። ከታች እንደምታዩት የሥራው ትልቅ ድርሻ እሱ እጅ ላይ ነው።

"የመድኃኒቱን መጠን ደም ውስጥ እንለካ" ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ማሽኑን ያስባል። ማሽኑ እዚህ የለም፣ በቃ አይመለከተንም ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ማሽኑ የሚሰጣችሁ አንድ ቁጥር ነው። ታማሚው ክኒኑን መቼ እንደዋጠ፣ ከምን ጋር እንደዋጠና ሌላ ምን እየዋጠ እንደሆነ ካላወቃችሁ ያ ቁጥር ባዶ ነው። እነዚህን ካወቃችሁ ደግሞ ቁጥሩ ሳይመጣም ብዙ ነገር ታስተካክላላችሁ።

የሚለካውና የማይለካው

ሁሉም ፀረ-ፈንገስ አይለካም። በዋናነት የሚለኩት አራት ናቸው፤ ቮሪኮናዞል፣ ኢትራኮናዞል፣ ፖሳኮናዞልና ፍሉሳይቶሲን። ፍሉኮናዞል ጨዋ መድኃኒት ነው። ዶዙን እጥፍ ስታደርጉት ደም ውስጥ ያለውም እጥፍ ይሆናል፣ ምግብ ብዙም አይነካውም፣ በኩላሊት ይወጣል። ስለዚህ ኩላሊቱን አይታችሁ ዶዙን ካስተካከላችሁ ይበቃል፤ ዲያሊሲስ ላይ ያለ ወይም በጣም የታመመ ሰው ሲሆን ነው መለካት የሚታሰበው። ካስፖፈንጂንና ሚካፈንጂንም በተለምዶ አይለኩም። አምፎቴሪሲን ቢ ደግሞ ደም ውስጥ ያለው መጠን ከሚያድነውም ከሚጎዳውም ጋር በቅጡ ስለማይገናኝ እሱን መለካት ትርፍ የለውም። የሚለካው ሌላ ነገር ነው፣ እመለስበታለሁ።

አራቱ ለምን ይለካሉ? ቮሪኮናዞል ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ 2ሲ19 የሚባል ኢንዛይም አለ፣ መድኃኒቱን የሚሰባብረው በዋናነት እሱ ነው፣ ጉልበቱም በዘር ከሰው ሰው ይለያያል፤ ስለዚህ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተኝተው እኩል 200 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ እየዋጡ አንዱ ደም ውስጥ ምንም አይገኝም፣ ሌላው ላይ ተርፎ ያቃዠዋል። ዶዝ ስትጨምሩም በልክ አይጨምርም። በአዋቂ ሰው ከ200 ወደ 300 ከፍ ስታደርጉት ሰውነቱ የሚያገኘው መድኃኒት ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይዘላል። ኢትራኮናዞልና ፖሳኮናዞል ችግራቸው ከአንጀት መግባታቸው ነው። የኢትራኮናዞል ካፕሱልና የፖሳኮናዞል ሲረፕ ምግብና የጨጓራ አሲድ ይፈልጋሉ፣ ያንን ካላገኙ ዝም ብለው ያልፋሉ። ፍሉሳይቶሲን ግን ይገባል። እሱ የሚቸግረው መውጣቱ ላይ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀምና መቅኔን ይመታል።

ቁጥሮቹን እዚሁ ልበል። ሁሉም በሚሊግራም በሊትር ነው፤ ማይክሮግራም በሚሊሊትር የሚል ውጤት ቢመጣላችሁም ቁጥሩ ያው ነው። ቮሪኮናዞል ቀጣዩ ዶዝ ሊሰጥ ሲል ሲለካ ከ1 በላይ፣ ከ5.5 በታች ይሁን። አንዳንዱ መመሪያ ለከባድ በሽታ ታችኛውን 2 ያደርገዋል። ኢትራኮናዞል ለሕክምና ወደ 1 እና ከዚያ በላይ፣ ከ4 በታች። ፖሳኮናዞል ለመከላከል ከሆነ ከ0.7 በላይ፣ ለማከም ከሆነ ከ1 በላይ። ፍሉሳይቶሲን በተዋጠ በሁለተኛው ሰዓት ሲለካ ከ100 መብለጥ የለበትም። ቀጣዩ ዶዝ ሊሰጥ ሲል ደግሞ ከ20 እስከ 40 መሀል ቢሆን ጥሩ ነው።

የኢትራኮናዞል ውጤት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኤችፒኤልሲ በሚባለው ማሽን ከተለካ ከላይ ያልኩት ቁጥር ይሠራል። ባዮአሴይ በሚባለው፣ ማለትም ደሙ ፈንገስን ምን ያህል እንደሚገድል ታይቶ ከተለካ ግን ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሃይድሮክሲ ኢትራኮናዞል የተባለው ውላጁም አብሮ ይቆጠራል። ስለዚህ "ውጤቱ 8 ነው፣ ተመረዘ!" ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት በምን እንደለኩት ጠይቁ።

መቼ ይቀዳ

ቮሪኮናዞል የመጀመሪያ ቀን ከፍ ያለ ዶዝ ተሰጥቶት ከጀመረ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ መለካት ይቻላል። ከፍ ያለው ዶዝ ከተዘለለ አምስት ስድስት ቀን ጠብቁ። ፖሳኮናዞል አምስት እስከ ሰባት ቀን ይፈልጋል። ኢትራኮናዞል ቀርፋፋ ነው፤ ደም ውስጥ እስኪረጋ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ ለዚህም ነው መጀመሪያ ሦስት ቀን በቀን ሦስቴ 200 ሚሊግራም የሚሰጠው። ፍሉሳይቶሲንን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ ያዙት፣ ካለፈ በኋላ መቅኔው ነው የሚነግራችሁ።

ከቀኑ በላይ ደግሞ ሰዓቱ። ቮሪኮናዞል ቀጣዩ ዶዝ ሊሰጥ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው የሚቀዳው። የጠዋቱ ዶዝ 2 ሰዓት ላይ ከሆነ ደሙ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይቀዳ፣ ከዚያ ክኒኑ ይዋጥ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ነርሷ 2 ሰዓት ላይ መድኃኒት ትሰጣለች፣ የላቦራቶሪው ልጅ 4 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ የተቀዳው ደም የጫፉን መጠን ያሳያል፣ ሐኪሙ "በዝቷል" ብሎ ዶዙን ይቀንሳል፣ ታማሚው ደግሞ በሳምንቱ ይብስበታል። ማንም ሰነፍ አልነበረም፤ ሰዓቱ ብቻ አልተጻፈም። መፍትሔው ቀላል ነው። የሚለካበት ቀን ጠዋት የመድኃኒት መስጫ ወረቀቱ ላይ "ደም ሳይቀዳ አይሰጥ" ብላችሁ በትልቁ ጻፉ፣ ለተረኛዋም በቃል ንገሯት።

ኢትራኮናዞልና ፖሳኮናዞል በዚህ ረገድ ይቅር ባይ ናቸው። ደም ውስጥ ከረጉ በኋላ በቀኑ ውስጥ ብዙም ስለማይዋዥቁ በማንኛውም ሰዓት ቢቀዳ ያስኬዳል። የላሊበላ ወይም የሰቆጣ ታማሚ ለቀጠሮ መጥቶ ከሰዓት በኋላ ቢቀዳለት ናሙናው ዋጋ አለው፣ አትመልሱት።

አሁን የእኛ ብቻ የሆነውን ጣጣ ላንሳ። ናሙናው አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ከዚያም ውጭ አገር ሊላክ ይችላል። ፎርሙ ላይ "2:00" ብላችሁ ከጻፋችሁ እኛ ጠዋት ነው ያልነው፣ እዚያ የሚያነበው ሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ሰዓት ብሎ ይረዳዋል። ስድስት ሰዓት ተዛባ ማለት ነው። ቀኑም እንዲሁ። 05/03/2017 ብሎ መጻፍ በእኛ ኅዳር ነው፣ በፈረንጁ የስንት ዓመት አሮጌ ናሙና ነው። ስለዚህ አንድ የሰዓት ዓይነት ምረጡ፣ በአውሮፓውያኑ 24 ሰዓት ቢሆን ይሻላል፣ እና ሁለት ሰዓቶች ጻፉ፤ መጨረሻ የተዋጠበትንና ደም የተቀዳበትን። የዶዙን መጠን፣ መድኃኒቱ የተጀመረበትን ቀንና ካፕሱል ይሁን ሲረፕ ይሁን ታብሌት ጨምሩበት። ይሄን ሁሉ የማይጠይቅ ፎርም ቢሆንም ኅዳጉ ላይ ጻፉት።

አቀዳዱና አላላኩ

መጀመሪያ ስልክ ደውሉ። ላቦራቶሪው ይሄን መድኃኒት ይለካል ወይ? በምን ዓይነት ቱቦ ይፈልጋል? ስንት ሚሊሊትር? በየትኛው ቀን ይቀበላል? ውጤቱ ስንት ቀን ይፈጃል? ናሙና ወደ ውጭ የሚልኩ የግል ላቦራቶሪዎች አዲስ አበባ አሉ፣ ግን ሳይጠይቁ መላክ የታማሚን ገንዘብ መበተን ነው።

ስትቀዱ መድኃኒቱ በሚገባበት ካኑላ አትቅዱ። በደም ሥር ቮሪኮናዞል እየወሰደ ከሆነ ከሌላኛው ክንድ ውሰዱ። ውስጡ ጄል ያለበትን ቱቦ ተዉት፤ ጄሉ መድኃኒቱን ሊመጥና ውጤቱን ሊያሳንስ ይችላል። ተራው ቀይ ክዳን ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ግን ላቦራቶሪው ያለውን ተከተሉ። ደሙ ሲረጋ በሴንትሪፊውጅ ለዩትና ሴረሙን፣ ማለትም ከላይ የሚቀረውን ውኃማ ክፍል፣ ወደ ንጹሕ ቱቦ ገልብጡ። ሙሉ ደም በአይሱዙ እየተንገጫገጨ 400 ኪሎ ሜትር ከሄደ ሲደርስ የተሰበሩ ቀይ የደም ሴሎች ሾርባ ነው።

ሴረሙ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የሚሄድ ከሆነ ፍሪጅ ይበቃዋል፣ ከዚያ የሚቆይ ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ ይግባ። መብራት የሚጠፋበት ቦታ ከሆናችሁ ደጋግሞ ከመቅለጥና በረዶ ከመሆን ዝም ብሎ ፍሪጅ ውስጥ ቆይቶ ቶሎ ቢላክ ይሻላል። ለማጓጓዝ የክትባት መያዣ ሳጥን ከነበረዶው ፍጹም ነው፣ ጤና ጣቢያ ሁሉ አለ፣ ተዋሱ። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ካገኛችሁ እሰየው። ካልሆነም በሌሊት የሚነሳው አውቶቡስ ያደርሳል፤ ብቻ ዓርብ አትላኩ፣ ቅዳሜና እሁድ መናኸሪያ ውስጥ ያድራል።

ከምን ጋር ነው የሚዋጠው?

ይሄ ክፍል ይረዝማል፣ ምክንያቱም ዝቅተኛ ውጤት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው እዚህ ነው።

የኢትራኮናዞል ካፕሱል ከሙሉ ምግብ ጋር ነው የሚዋጠው። ከሻይና ከአንድ ዳቦ ጋር አይደለም፤ ሰው በልቶ ጠገብኩ ከሚልበት ምግብ ጋር። አሲድ ስለሚፈልግ ጨጓራው አሲድ ያነሰው ሰው ከኮካ ጋር ቢወስደው አገባቡ ይሻሻላል፣ ይሄ የተጠና ነገር ነው። የኢትራኮናዞል ሲረፕ ግን ተቃራኒው ነው፣ በባዶ ሆድ ነው የሚሠራው። የፖሳኮናዞል ሲረፕ ቅባት ያለው ምግብ ይፈልጋል፣ ታብሌቱ ብዙም አያስቸግርም። ቮሪኮናዞል ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ወይም አንድ ሰዓት ዘግይቶ። አዎ፣ ግራ ያጋባል። ለዚህ ነው አስታማሚው ወረቀት ላይ ተጽፎ ሊሰጠው የሚገባው።

ወሎ ውስጥ ስለ ምግብ ስታወሩ ስለ ጾም ሳታወሩ አትችሉም። አንድ ቤት ውስጥ ረመዳንም ሁዳዴም ይጾማል፤ አንዳንዴም ሁለቱ ይገጣጠማሉ። ታማሚውን "ትጾማለህ?" ብላችሁ ቀጥታ ጠይቁት። ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም ጾም ለእሱ የመድኃኒት ጉዳይ አይደለም። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት የሚያቆይ ሰው የጠዋቱን ኢትራኮናዞል በባዶ ሆድ ውጦት ይሆናል፣ ያ ዶዝ ጠፋ ማለት ይቻላል። የጾም ምግብ ራሱ ችግር የለውም፤ ሽሮም ምስርም ዘይት ገብቶበት በደንብ ከተበላ ሙሉ ምግብ ነው። ችግሩ ሰዓቱ ነው።

ረመዳን ላይ የኢትራኮናዞል ካፕሱል ይስማማል፣ አንዱ ከማፍጠሪያው ጋር፣ አንዱ ከሱሁሩ ጋር። ቮሪኮናዞል ግን አይስማማም። በ12 ሰዓት ልዩነት መሰጠት አለበት፣ ከምግብም መራቅ አለበት፣ ሌሊቱ ደግሞ ያ ሁሉ አይበቃውም። ፍሉሳይቶሲን በየ6 ሰዓቱ ስለሆነ ጨርሶ አይታሰብም። እዚህ ላይ መሸፋፈን አያስፈልግም። ቮሪኮናዞል ወይም ፍሉሳይቶሲን የሚወስድ ሰው በጠና የታመመ ሰው ነው፣ የታመመ ሰው ደግሞ በእስልምናም በክርስትናም እንዲያፈጥር ተፈቅዶለታል። እናንተ ብትነግሩት ላይሰማ ይችላል። ሼሁ ወይም የንስሐ አባቱ ቢነግሩት ይሰማል። ፈቃዱን ጠይቃችሁ እነሱን አነጋግሩ፤ ዶዝ ከመጨመር የበለጠ የሚሠራበት ጊዜ አለ።

ጫትም አለ። ጫት የአምፒሲሊንና የአሞክሲሲሊንን አገባብ እንደሚቀንስ ታይቷል። ለእኛ ጉዳይ ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው፤ የቃመ ሰው ምግብ ይረሳል። የምሳው ካፕሱል በቡናና በጫት መሀል በባዶ ሆድ ይገባል። ሳትቆጡ ጠይቁ፣ ሐድራ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ከሆኑ "ከመቀመጥህ በፊት ብላ፣ ክኒኑንም ያኔ ዋጥ" በሏቸው። ጠበል የሚሄዱትንም እንዲሁ፤ ክኒኑን ይዘው ይሂዱ፣ እዚያም እየበሉ ይዋጡት።

ሌላ ምን ይወስዳል?

ሪፋምፒሲን። ይሄን ስም በቀይ ጻፉት። የቲቢ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን የቮሪኮናዞልን መጠን ከ90 በመቶ በላይ ይጥለዋል፣ ኢትራኮናዞልንም እንደዚያው ድራሹን ያጠፋዋል። ዶዝ በመጨመር አይሸነፍም። ሪፋምፒሲን ከቆመም በኋላ ጉበቱ ወደ ነበረበት እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ ትናንት ቲቢውን የጨረሰ ሰው ዛሬም አልጸዳም።

ለምን እንዲህ አጮኻለሁ? አንድ የሚደጋገም ታሪክ አለ። ሰውየው ከዓመታት በፊት ቲቢ ታክሞ ድኗል። ሳንባው ላይ ግን ቀዳዳ ቀርቷል፣ ያ ቀዳዳ ውስጥ አስፐርጊለስ የሚባል ፈንገስ ይቀመጣል። ይከሳል፣ ያስለዋል፣ ደም ያስተፋዋል። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ምርመራ ምንም አላሳየም፣ ግን ራጁ የቲቢ ይመስላል፣ ስለዚህ የቲቢ መድኃኒት እንደገና ይጀመራል። ኋላ ላይ ፈንገስ መሆኑ ሲጠረጠር ኢትራኮናዞል ይጨመርለታል፣ የቲቢው ግን አልቆመም። ቢያንስ ለ6 ወር የሚወሰድ ሕክምና ነው፤ 6 ወር ሙሉ ገንዘቡን እያወጣ ውኃ እንደመጠጣት ነው የሚሆንበት። እዚህ ላይ ደም መለካት ሳያስፈልግ ውጤቱን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። አንዱ መድኃኒት መቅረት አለበት፣ የትኛው እንደሚቀር ደግሞ ቲቢው በእርግጥ አለ ወይስ የለም የሚለውን አጥርቶ መወሰን ነው።

የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም ያው ናቸው። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዘፒን ሦስቱም መጠኑን ይጥሉታል። ፌኖባርቢታል በየጤና ጣቢያው የሚሰጥ ስለሆነና ሰው ለዓመታት ስለለመደው "ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህ?" ስትሉት "አልወስድም" ይላችኋል። ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ኤፋቪሬንዝ ይጥለዋል፣ ዶሉቴግራቪር አይነካውም።

ኦሜፕራዞልን ማንም እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም፣ ጨጓራ ያመመው ሁሉ ኪሱ ውስጥ አለ። እሱ ደግሞ በሁለት በኩል ይሠራል፤ አሲዱን ስለሚያጠፋ የኢትራኮናዞል ካፕሱል እንዳይገባ ያደርጋል፣ ጉበት ላይ ያለውን ኢንዛይም ስለሚይዝ ቮሪኮናዞልን ከፍ ያደርጋል። አንዱ ታማሚ ላይ ያወርዳል፣ ሌላው ላይ ይጨምራል። የሚቻል ከሆነ አቁሙት። ካልተቻለ ኢትራኮናዞሉን ወደ ሲረፕ ቀይሩ።

በተቃራኒውም አስቡ፣ ፀረ-ፈንገሱ ሌላውን መድኃኒት ሊያንረው ይችላል። ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ታማሚ ፍሉኮናዞል ወይም ቮሪኮናዞል ሲጀምር ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲን ከኢትራኮናዞል ጋር ጭራሽ አይሰጥም። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሊደማ ይችላል። ከሚሴና ባቲ በኩል ወባ ይዞት ኳርተም የሚጀምር ሰው እነዚህን መድኃኒቶች እየወሰደ ከሆነ ልቡን በኢሲጂ እዩለት።

ውጤቱ መጣ፣ አሁንስ?

ዝቅ ብሎ ከመጣ ዶዝ ለመጨመር አትሮጡ። መጀመሪያ ዋጠው ወይ? ክኒኑ ተቆጥሮ ስንት ቀረ? መግዛት አቅቶት ለሁለት ቀን እየከፈለው ይሆናል፤ ይሄን በደግነት ብቻ ነው የምትሰሙት። ከዚያ ምግቡ፣ ከዚያ ሌሎቹ መድኃኒቶች፣ ከዚያ ተቅማጥ አለ ወይ። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ዶዙ ይጨመራል። ቮሪኮናዞል ከሆነ ከ200 ወደ 300 ማድረግ የተለመደ ነው፣ ነገር ግን እንደሚዘል ስላልኳችሁ ከአምስት ቀን በኋላ እንደገና ቅዱ።

ከፍ ብሎ ከመጣና ሰውየው ደህና ከሆነ ሩቡን ያህል ቀንሱ። ምልክት ካለበት ግን አንድ ዶዝ ዝለሉና ወደ ግማሽ አውርዱት። ምልክት ስል ምን ማለቴ ነው? ቮሪኮናዞል በተዋጠ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ዓይን ላይ ብርሃን መብዛት ወይም ቀለም መለዋወጥ የተለመደ ነው፣ ያልፋል፣ አያሳስብም። የሌለ ሰው ማየት፣ ድምፅ መስማት፣ መቀባዠር ግን መጠኑ እንደበዛ ይጠቁማል። ቤተሰቡ ይሄን ዛር ነው ወይም ጂን ነው ብሎ ታማሚውን ይዞ ሊወጣ ይችላል። አትፍረዱባቸው፣ ማንም አልነገራቸውም። መድኃኒቱ ሲጀመር "እንዲህ ሊያሳየው ይችላል፣ ካሳየው ጥሩን" በሉ፣ በቃ።

ሌላ የሚሳት ነገር፦ ሰውነት በኢንፌክሽን ሲቃጠል ጉበት ቮሪኮናዞልን ቀስ ብሎ ነው የሚሰብረው። ስለዚህ አልጋ ላይ ወድቆ ሳለ 4 የነበረ መጠን ትኩሳቱ ሲበርድ ያለ ማንም ጥፋት ወደ 1 ሊወርድ ይችላል። አንዴ ተለካ ብሎ ማቆም የለም፣ ሲሻለውም ይለካል።

ውጤቱ ዘግይቶ ከመጣስ? እውነቱን ለመናገር በሁለት ሳምንት የሚመጣ የቮሪኮናዞል ቁጥር ታሪክ ነው። ገንዘቡ ለአንድ ናሙና ብቻ የሚበቃ ከሆነና ውጤቱ እንደሚዘገይ ካወቃችሁ እኔ ብሆን ወራት የሚወስዱትን የኢትራኮናዞል ታማሚዎች አስቀድማለሁ። እነሱ ላይ የዘገየ ቁጥርም ቀሪዎቹን ወራት ያድናል።

መለኪያው ጨርሶ ከሌለ

ጉበቱን መድኃኒቱን ከመጀመራችሁ በፊት፣ ከዚያ በአንድ በሁለት ሳምንት፣ ከዚያ በየወሩ እዩት። ኢትራኮናዞልና ፖሳኮናዞል የሚወስድ ሰው የደም ግፊቱ ከወጣ፣ እግሩ ካበጠና ፖታሲየሙ ከወረደ ሦስቱን አንድ ላይ አንብቧቸው፣ መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ልቡ የደከመ ሰው ላይ ኢትራኮናዞል አትጀምሩ። ቮሪኮናዞል ላይ ያለ ሰው ፀሐይ ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ የደሴ ቀዝቃዛ አየር አያታልላችሁ፣ ባርኔጣና ነጠላ ይኑረው። ወራት ከወሰደ አጥንቱን አመመኝ ሲል ደግሞ ስሙት፤ በመድኃኒቱ ውስጥ ያለው ፍሎሪን አጥንት ላይ ይጠራቀማል።

አምፎቴሪሲን ቢ ላይ የምትለኩት ክሬቲኒን (የኩላሊት መለኪያው)፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየምና ሄሞግሎቢን ነው። ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን ከፖታሲየም ጋር ይግባ። መድኃኒቱ ራሱ ግን የሚበጠበጠው በ5 በመቶ ዴክስትሮስ ብቻ ነው፣ ሳላይን ውስጥ ይቋጠራል። የብልቃጡን ስም ደግሞ ሁለት ሰው ያንብበው። ክሪፕቶኮከስ የሚባለው ፈንገስ ጭንቅላቱ ውስጥ ላለበት የኤችአይቪ ታማሚ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ያወጣው መመሪያ ላይፖዞማል የተባለውን አምፎቴሪሲን 10 ሚሊግራም በኪሎ አንዴ ብቻ ስጡ ይላል፣ ከዚሁ ጋር 14 ቀን ፍሉሳይቶሲን 100 ሚሊግራም በኪሎ በቀን ለአራት ተከፍሎና ፍሉኮናዞል በቀን 1200 ሚሊግራም። ይሄ 10 የላይፖዞማሉ ነው። ዲኦክሲኮሌት የተባለው አሮጌው በቀን 1 ሚሊግራም በኪሎ ገደማ ነው የሚሰጠው፣ ከ1.5 ማለፍ የለበትም፣ 10 ብትሰጡት ይገድላል።

ፍሉሳይቶሲንን ሳትለኩ ስትሰጡ ክሬቲኒንና የደም ሴል ቆጠራ በሳምንት ሁለቴ ብታዩ ይመረጣል። አምፎቴሪሲን ኩላሊትን ሲጎዳ ፍሉሳይቶሲን መውጫ ያጣል፣ ከዚያ ነጭ የደም ሴልና ፕላትሌት ይወርዳሉ። ክሬቲኒኑ መውጣት ሲጀምር ዶዙን ካስተካከላችሁ ሴሎቹ እስኪወርዱ አትጠብቁም።

ታማሚው ወደ ቤቱ ሲሄድ መርሳ ይሁን ወግዲ፣ ካርዱ ላይ የመጨረሻው ቁጥር፣ የተለካበት ቀን፣ የመድኃኒቱ ዓይነትና አወሳሰዱ ይጻፍ። በአካባቢው ጤና ጣቢያ የሚያየው ሰው ሪፋምፒሲን ወይም ፌኖባርቢታል ከመጀመሩ በፊት እንዲደውል የዋርዱን ስልክ ጨምሩበት። ፋርማሲው ከካፕሱል ወደ ሲረፕ፣ ወይም ከአንድ ፋብሪካ ወደ ሌላ ከቀየረለት ደግሞ እንደ አዲስ መድኃኒት ቁጠሩት፤ ኢትራኮናዞል ከሆነ ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ እንደገና ቅዱ።